መርዙን መድኃኒት፣ ቆሻሻውን ነዳጅ

በመካነ ሰላም ዙሪያም ሆነ በሳይንት፣ በወግዲና በከላላ ደጋ፣ አዝመራው ላይ ተምች የወጣበት ገበሬ ወደ ግብርና ጽሕፈት ቤት ሲሮጥ «መርዝ ስጡኝ» አይልም። «መድኃኒት ስጡኝ» ነው የሚለው። ባለሙያው በመዝገቡ ላይ «ፀረ ተባይ መድኃኒት» ብሎ ይጽፋል። ነጋዴውም በዚሁ ስም ይሸጠዋል። ነፍስ የሚያጠፋ ነገር በአማርኛችን የመዳን ስም ይዞ ይኖራል።

ነገሩ የቋንቋ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። ግን ስም ሥራ ይሠራል። መርዝ መድኃኒት ከተባለ፣ ጊዜው አልፎ በርሜሉ ሲያፈስም «ንብረት» ሆኖ መጋዘን ይቀመጣል፤ ቆሻሻ ነው ብሎ የሚፈርም ሰው አይገኝም። ቆሻሻ ደግሞ ነዳጅ ከተባለ ወደ ፋብሪካ ቦይለር ይገባል፤ ጭሱን ልለካ ብሎ የሚጠይቅ አይኖርም። በአገራችንም በሌላውም ዓለም የአደገኛ ቆሻሻና የእሳት ታሪክ በአብዛኛው የእነዚህ ሁለት ስሞች ታሪክ ነው።

✦ በርሜሎቹ ከየት መጡ?

የወሎ ሰው አንበጣን ለማወቅ መጽሐፍ አያስፈልገውም። እ.ኤ.አ. በ1958 የበረሃ አንበጣ በኢትዮጵያ የበላው እህል 167 ሺህ ቶን ይገመታል። አንድ ሚሊዮን ሰው ለዓመት የሚቀልብ እህል ማለት ነው። በዚያው ዘመን ሰሜኑ የአገራችን ክፍል በረሃብ ተመታ።

ያን ጊዜ ዓለም ሁሉ በኬሚካል የሚያምንበት ዘመን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1959 የወባ ማጥፊያ አገልግሎት ተቋቋመ፤ ዲዲቲ የያዙ ረጪዎች በየቆላው የቤቱን ግድግዳ ሲረጩ የሚያስታውስ አዛውንት ዛሬም አለ። እ.ኤ.አ. በ1962 የምሥራቅ አፍሪካ አገሮች አዲስ አበባ ላይ ተስማምተው የበረሃ አንበጣ መከላከያ ድርጅትን መሠረቱ። በአዋሽ ሸለቆ የጥጥ እርሻ ተስፋፋ፤ ጥጥ ደግሞ ከሁሉም ሰብል በላይ ርጭት የሚፈልግ ነው። ኋላም አዳሚ ቱሉ ላይ ፀረ ተባይ ማዘጋጃ ፋብሪካ ተቋቁሞ ዲዲቲ እዚሁ አገር ውስጥ ይዘጋጅ ጀመር።

ይህን ሁሉ በክፋት ማየት አይገባም። ወባ ሲፈጅ፣ አንበጣ ሲወር እጅ አጣጥፎ መቀመጥ አይቻልም። ችግሩ የመጣው ከአሠራሩ ነው። አንበጣ በሳምንታት ይወርራል፣ በሳምንታት ይሄዳል። የእርዳታው ኬሚካል ግን ተጠይቆ፣ ተፈቅዶ፣ ተጭኖ፣ ወደብ ደርሶ፣ በመኪና ወረዳ እስኪገባ ወራት ይፈጃል። ሲደርስ አንበጣው የለም። ከዚያ ወዲያ ይቀመጣል። የብዙዎቹ ፀረ ተባዮች ዕድሜ ደግሞ ሁለት ዓመት ገደማ ነው። ጽሑፉ በባዕድ ቋንቋ ነው፤ መጋዘኑ የጭቃ ወይም የቆርቆሮ ቤት ነው፤ ቁልፉን የያዘው ሰው ይዛወራል፤ አዲሱ ሰው በርሜሉን በስም ዝርዝር ይረከባል። «ጊዜው አልፎበታል፣ ይወገድ» ብሎ ቢጽፍ ተጠያቂ እሆናለሁ ብሎ ይፈራል። ቢተወው ግን ጠያቂ የለውም። ስለዚህ ይተወዋል።

አሥር ዓመት፣ ሃያ ዓመት፣ ሠላሳ ዓመት እንዲህ አለፈ። በርሜሉ ዛገ፣ አፈሰሰ፣ ወለሉ ጠጣው። ባዶው በርሜል የውኃና የጠላ ዕቃ ሆኖ ወደ ቤት ገባ።

በሚሊኒየሙ መባቻ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት (ፋኦ) በኢትዮጵያ የተከማቸውን ጊዜ ያለፈበት ፀረ ተባይ 3 ሺህ ቶን ገደማ ብሎ ገመተው። በአፍሪካ ካሉት ትልልቅ ክምችቶች አንዱ ነበር። በመላው አፍሪካ ያለው 50 ሺህ ቶን ገደማ ይገመት ነበር። ከነዚህ ውስጥ እንደ ዲዲቲና ዲየልድሪን ያሉት ክሎሪን ያዘሉ ናቸው፤ በአፈርም ሆነ በሰውነት ስብ ውስጥ ለዓመታት ሳይፈርሱ ይኖራሉ።

✦ «ለምን እዚሁ አናቃጥለውም?»

ቀላሉ ጥያቄ ይህ ነው። እሳት አለ፣ ፋብሪካ አለ፣ ቦይለር አለ። መርዙ ይቀጣጠላል። አቃጥሎ መገላገል፣ በዚያ ላይ የነዳጅ ወጪ መቀነስ። ሁለት ወፍ በአንድ ድንጋይ።

ቦይለር ምንድን ነው? ውኃ አፍልቶ እንፋሎት የሚሰጥ ትልቅ ጋን ነው። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ለማቅለሚያ፣ ቢራ ፋብሪካው ለጠመቃ፣ ቆዳ ፋብሪካው ለሙቅ ውኃ፣ ሆስፒታሉ ለልብስ ማጠቢያ ይፈልገዋል። በውስጡ ነበልባሉ ውኃ በሞላባቸው ቧንቧዎች መካከል ያልፋል። የቦይለር ሥራ ከነበልባሉ ሙቀቱን ነጥቆ በተቻለ ፍጥነት ለውኃው መስጠት ነው። ጥሩ ቦይለር የሚባለው በጭስ ማውጫው የሚወጣው ጭስ የቀዘቀዘ ሲሆን ነው።

መርዝ ማጥፋት ግን ተቃራኒውን ይጠይቃል። የመርዙ ጋዝ በኃይለኛ ሙቀት ውስጥ፣ በቂ ጊዜ፣ ከአየር ጋር በደንብ ተደባልቆ መቆየት አለበት። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣው ደንብ ቆሻሻ የሚያቃጥል ምድጃ ጋዙን ቢያንስ በ850 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ2 ሰከንድ እንዲያቆይ፣ አደገኛው ቆሻሻ ከ1 በመቶ በላይ የክሎሪን ዓይነት ንጥረ ነገር ካለው ደግሞ ሙቀቱ 1100 ዲግሪ እንዲደርስ አዟል። ሁለት ሰከንድ ለሰው ምንም ነው። በምድጃ ውስጥ ለሚሮጥ ጋዝ ግን ረጅም መንገድ ነው።

ይህን ለመረዳት ኬሚስት መሆን አያስፈልግም። ድስት የጣደች እናት ታውቀዋለች። ነበልባሉ ቀዝቃዛውን የድስት ቂጥ ሲነካ ሳይጨርስ ይበርዳል፤ ያልጨረሰው እዚያው ጥቀርሻ ሆኖ ይለጠፋል። ቦይለር ማለት በመቶ የሚቆጠር የድስት ቂጥ በአንድ ላይ ነው። ነበልባሉ በየአቅጣጫው ቀዝቃዛ ብረት ይነካል።

ከዚያ በላይ ሌላ ጣጣ አለ። ክሎሪን ያለበት ነገር ሲቃጠልና ጭሱ ከ450 እስከ 200 ዲግሪ ባለው ሙቀት መካከል ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝ፣ በጥቀርሻው ላይ አዲስ መርዝ ይሠራል። ዳይኦክሲን ይባላል። እንደ መዳብ ያሉ ብረቶች በጥቀርሻው ውስጥ ካሉ ሥራውን ያፋጥኑታል። ማለትም ወደ እሳቱ ያልገባ መርዝ ከእሳቱ ይወጣል። ዳይኦክሲን በሚሊግራም ሳይሆን በናኖግራም፣ በግራም ቢሊዮንኛ ክፍል የሚለካ ነው። የአውሮፓው ወሰን ለአንድ ሜትር ኩብ ጭስ 0.1 ናኖግራም ነው። በአፍንጫ አይሸተትም፣ በዓይን አይታይም። የሚታወቀው ናሙና ተወስዶ በተራቀቀ ላቦራቶሪ ሲመረመር ብቻ ነው።

የት ይሄዳል? ነፋስ ይወስደዋል፣ ሣር ላይ ያርፋል። ላሟ ሣሩን ትግጣለች። መርዙ ስብ ስለሚወድ ወተቱና ቅቤው ውስጥ ይገባል። ከዚያ ወደ ሰው፣ ከእናት ጡት ወደ ሕፃን። ከብት አርብቶ በቅቤ ለሚኖር ደገኛ ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም።

ብረቶችስ? እርሳስ፣ ካድሚየም፣ ሜርኩሪ፣ ክሮም አይቃጠሉም። እሳት ካርቦንን ወደ ጋዝ ይለውጣል እንጂ እርሳስን ወደ ምንም አይለውጥም። ወይ አመዱ ውስጥ ይቀራሉ፣ ወይ በጭሱ ይወጣሉ። በክሮም የለፋ የቆዳ ፍቅፋቂ ሲቃጠል ደግሞ ብዙም የማይጎዳው የክሮም ዓይነት ወደ ካንሰር አምጪው ዓይነት ሊለወጥ ይችላል።

✦ አሜሪካ በስም የተታለለችበት ዘመን

ይህን ትምህርት ሀብታሞቹም በዋዛ አልተማሩትም። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1976 አደገኛ ቆሻሻን የሚቆጣጠር ትልቅ ሕግ አወጣች። ከዚያ በወጡት ደንቦች አደገኛ ቆሻሻ አቃጥሎ የሚያስወግድ ምድጃ ፈቃድና ምርመራ ተጣለበት። ነገር ግን ቀዳዳ ቀረ። ቆሻሻውን «ለኃይል ምንጭነት» በቦይለር ወይም በፋብሪካ ምድጃ የሚያቃጥል ሰው ከቁጥጥሩ ውጭ ነበር። እሱ ቆሻሻ አያስወግድም፣ ነዳጅ ይጠቀማል ተባለ።

ነጋዴ ደግሞ ቀዳዳ አይስትም። ያው በርሜል ለማስወገጃ ምድጃ ሲሄድ ባለቤቱ ይከፍላል፤ ለቦይለር ሲሄድ ግን ዋጋ ያወጣል። የፋብሪካ ማሟሟቻ ኬሚካል ከተቃጠለ ዘይትና ከማሞቂያ ናፍጣ ጋር እየተደባለቀ ይሸጥ ጀመር። ኒው ዮርክ ውስጥ እንዲህ ዓይነቱ ድብልቅ ለመኖሪያ ሕንፃዎች ማሞቂያ ቦይለር ሲቸበቸብ ተደርሶበታል። ሰዎች ልጆቻቸውን ከብርድ የሚያሞቁበት ምድጃ ሳያውቁት የቆሻሻ ማስወገጃ ሆኖ ነበር።

ምክር ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1984 ሕጉን አሻሻለ። በ1985 አደገኛ ቆሻሻ ያለበትን ነዳጅ ከፋብሪካ ውጭ ባሉ ቦይለሮች ማቃጠል ታገደ። የፋብሪካዎቹ ቦይለሮችና የሲሚንቶ ምድጃዎች ግን እስከ የካቲት ወር 1991 ድረስ ቆዩ። ያን ጊዜ የወጣው ደንብ ስሙን ሳይሆን ጭሱን ማየት ጀመረ። ከሚገባው መርዝ 99.99 በመቶው መጥፋቱ በሙከራ እንዲረጋገጥ፣ የካርቦን ሞኖክሳይድ፣ የክሎሪን፣ የአቧራና የብረቶች መጠን እንዲወሰን አደረገ። 99.99 በመቶ ትልቅ ይመስላል፤ ከአንድ ቶን ግን 100 ግራም ያህል በጭስ ማውጫው ሊወጣ ይችላል ማለት ነው። ለባሱት መርዞች ደግሞ ሁለት ዘጠኝ ተጨምሮ 99.9999 ሆነ።

ከ1976 እስከ 1991 አሥራ አምስት ዓመት ነው። ላቦራቶሪ፣ ጠበቃና ጋዜጣ የሞላበት አገር «ነዳጅ» የሚለውን ስም ገልጦ ከሥሩ ያለውን ቆሻሻ ለማየት ይህን ያህል ጊዜ ፈጅቶበታል።

✦ ማቶላ

ወደ አፍሪካ እንመለስ። ሞዛምቢክም እንደ ኢትዮጵያ ጊዜ ያለፈበት ፀረ ተባይ ተከማችቶባት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1998 በዴንማርክ እርዳታ፣ በዋና ከተማዋ ማፑቶ አጠገብ ባለችው ማቶላ የሚገኘው የሲሚንቶ ፋብሪካ ምድጃ ተስተካክሎ መርዙ እዚያ ይቃጠል ተባለ።

በወረቀት ሲታይ ሐሳቡ ዝም ብሎ የሚጣል አልነበረም። የሲሚንቶ ምድጃ ከቦይለር ይሻላል። ድንጋዩ 1450 ዲግሪ ገደማ እስኪደርስ ይግላል፣ ጋዙ ከዚያም በላይ ይሞቃል፣ ኖራው አሲዱን ይውጣል። በአግባቡ ከተሠራ መርዝ ሊያጠፋ ይችላል። ግን «በአግባቡ ከተሠራ» የምትለዋ ቃል ሁሉን ተሸክማለች። ፋብሪካው ያለው በሕዝብ መካከል ነበር። ነዋሪዎቹ አልተጠየቁም። ጉዳዩን ሲሰሙ ሊቫኒንጎ የሚባል ማኅበር መሠረቱ፣ የውጭ ባለሙያ ጠሩ፣ ሰነዱን አስመረመሩ፣ እዴንማርክ ድረስ ሄደው ተሟገቱ። በመጨረሻ ዕቅዱ ተተወ፤ መርዙም ታሽጎ ወደ ውጭ ተላከ።

ማቶላ ለአፍሪካ የተወችው ትምህርት ምድጃው ምን ያህል ይሞቃል ከሚለው ጥያቄ ጎን ማን ይለካል፣ ለማን ይነግራል የሚለው እኩል መቆም እንዳለበት ነው።

✦ ወደ ሰሜን የሄደው ጭነት

እ.ኤ.አ. በ1988 ናይጄሪያ ውስጥ ኮኮ በምትባል ትንሽ የወደብ ከተማ በሺዎች የሚቆጠር በርሜል የጣሊያን መርዛማ ቆሻሻ በአንድ ግለሰብ ግቢ ተከምሮ ተገኘ። ለግቢው ባለቤት በወር ጥቂት ዶላር ኪራይ ይከፈለው ነበር። በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ሚኒስትሮች አዲስ አበባ ተሰብስበው፣ በአፍሪካ ምድር መርዛማ ቆሻሻ መጣል በአፍሪካና በሕዝቧ ላይ የተፈጸመ ወንጀል ነው ብለው አወጁ። በቀጣዩ ዓመት የባዝል ስምምነት ተፈረመ፤ አደገኛ ቆሻሻ ከአገር ወደ አገር ሲሄድ ላኪው አስቀድሞ እንዲያሳውቅ፣ ተቀባዩና መንገድ ላይ ያሉት አገሮች ሁሉ እንዲፈቅዱ አስገደደ። እ.ኤ.አ. በ1991 አፍሪካውያን የራሳቸውን የባማኮ ስምምነት ጨመሩበት።

እነዚህ ስምምነቶች የተወለዱት ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚመጣውን መርዝ ለማስቆም ነበር። የኢትዮጵያ ታሪክ ግን መንገዱን ገለበጠው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2000 የባዝል ስምምነትን ተቀላቀለች። በዚያው ዓመት በፋኦ አስተባባሪነት፣ በአሜሪካ፣ በስዊድንና በኔዘርላንድስ ገንዘብ የማጽዳት ሥራ ተጀመረ። ሠልጣኞች መከላከያ ልብስና ጭንብል አጥልቀው መጋዘን ለመጋዘን ዞሩ፤ የሚያፈሰውን በርሜል በአዲስ በርሜል አሸጉ፣ መለያ ለጠፉ፣ መዘገቡ። እስከ 2003 ድረስ ባለው ጊዜ 1,500 ቶን ያህል መርዝ ታሽጎ፣ ባሕር ተሻግሮ ፊንላንድ ሪሂማኪ በምትባል ከተማ በሚገኘው የኤኮኬም ምድጃ ተቃጠለ። ወጪው በቶን በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ነበር። ኋላም ኢትዮጵያ ከማሊ፣ ከሞሮኮ፣ ከናይጄሪያ፣ ከደቡብ አፍሪካ፣ ከታንዛኒያና ከቱኒዚያ ጋር በአፍሪካ የክምችት ማጽዳት ፕሮግራም የመጀመሪያ ዙር ተካተተች።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። የሪሂማኪው ምድጃ ሙቀቱን አይጥለውም። የከተማዋ ቤቶች በክረምት ከሚሞቁበት ሙቀት ከፊሉ ከዚያ ይመጣል። እንግዲህ ቆሻሻ አቃጥሎ ሙቀት መውሰድ በራሱ ነውር የለበትም። ልዩነቱ ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። እዚያ ምድጃው የተሠራው መርዙን ለማጥፋት ነው፤ ጋዙ በቂ ጊዜ ነዶ ከጨረሰ በኋላ ሙቀቱ ይወሰዳል፤ ከዚያ ጭሱ ታጥቦና ተጣርቶ፣ እየተለካ ይወጣል። ተራ ቦይለር ላይ ግን ሙቀቱ መጀመሪያ ይወሰዳል፣ መርዙ እንደ ዕድሉ ይሆናል፣ ጭሱ ሳይታጠብ ይወጣል።

✦ ሕጉ አለ፣ መለኪያውስ?

በአገር ቤት የሕግ እጥረት የለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 44 በንጹሕና ጤናማ አካባቢ መኖርን መብት አድርጎታል። በዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር ይመራ በነበረው የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ዘመን የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ያለ ፈቃድ አደገኛ ቆሻሻ ማመንጨት፣ ማከማቸት፣ ማጓጓዝም ሆነ ማስወገድ ከልክሏል። ከ15 ዓመት በኋላ ደግሞ ለአደገኛ ቆሻሻ ብቻ ራሱን የቻለ አዋጅ ቁጥር 1090/2010 ወጣ።

በዚያው ዓመት አዲስ አበባ አንድ ትልቅ ቦይለር ተከለች። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም ቆሼ ተደርምሶ ከ110 በላይ ሰው ቀበረ። ነሐሴ 2010 ዓ.ም እዚያው አጠገብ የረጲ የቆሻሻ ኃይል ማመንጫ ተመረቀ። በቀን 1,400 ቶን የከተማ ቆሻሻ አቃጥሎ፣ ውኃ አፍልቶ፣ በእንፋሎቱ ኤሌክትሪክ እንዲያመነጭ የታሰበ ነው። ሲመረቅ የአውሮፓን የጭስ ወሰን ያሟላል ተብሎ ነበር። የረጲ ነገር ሁለቱንም ያሳያል። ቆሻሻ ክቡድ ሆኖ ሰው እንደሚቀብር አይተናል፤ ስለዚህ «አታቃጥሉ» ብሎ ዝም ማለት መልስ አይሆንም። በሌላ በኩል የአውሮፓ ወሰን የሚባለው የሚሠራው የአውሮፓ መለኪያ በየጊዜው ሲኖርና ውጤቱ ሲነገር ብቻ ነው።

ወደ ደቡብ ወሎ እንምጣ። ኮምቦልቻ የጨርቃ ጨርቅ፣ የቢራና የቆዳ ፋብሪካ ከተማ ናት፤ በ2009 ዓ.ም መጨረሻ የኢንዱስትሪ ፓርክ ተጨምሮላታል። እንፋሎት የሚፈልግ ፋብሪካ ሁሉ ቦይለር አለው። በዋጋ ዝርዝር ላይ ከባድ ጥቁር ናፍጣና ቀላል ጥቁር ናፍጣ እየተባለ የሚወጣው ነዳጅ በዶላር የሚገዛ ነው። ዶላር ሲጠፋ፣ ዋጋ ሲወጣ፣ የፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ ዓይኑ ሌላ የሚነድ ነገር መፈለጉ አይቀርም። የሲሚንቶ ፋብሪካዎቻችን ከጥቁር ናፍጣ ወደ ድንጋይ ከሰል የዞሩት በዚሁ ምክንያት ነው።

ከሚነዱት ነገሮች አንዱ በየጋራዡ አለ። ከሞተር የወጣው አሮጌ ዘይት በአማርኛችን «የተቃጠለ ዘይት» ይባላል። ስሙን ልብ በሉልኝ። ገና ሳይቃጠል ተቃጥሏል ብለነዋል፤ ሥራውን የጨረሰ፣ ጉዳት የሌለው ያስመስለዋል። ውስጡ ግን ከሞተሩ የተፋቀ ብረት፣ የቅባት ማጠንከሪያ ኬሚካል፣ አንዳንዴም ክሎሪን ያለበት የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ አለ። አሜሪካ አሥራ አምስት ዓመት የፈጀባት ጣጣ የጀመረው ከዚሁ ዘይት ነው። አሮጌ ጎማ፣ የፕላስቲክ ቁርጥራጭ፣ የቀለም ዝቃጭ፣ የቆዳ ፍቅፋቂ ሁሉም ይነዳል። የሚነድ ሁሉ ግን ነዳጅ አይደለም።

ፋብሪካ የሌላቸው የደጋ ከተሞችም ከዚህ ታሪክ ውጭ አይደሉም። በአገራችን ባሉ ሆስፒታሎችና ጤና ጣቢያዎች ግቢ ጥግ ላይ በጡብ የተሠራች ትንሽ ማቃጠያ ትታያለች። መርፌው፣ ጓንቱ፣ የደም ከረጢቱ እዚያ ይገባል። ከፕላስቲኮቹ አንዳንዶቹ ክሎሪን አላቸው። ምድጃዋ በእንጨት ወይም በላምባ ተለኩሳ ቀስ ብላ ትሞቃለች፣ ቀስ ብላ ትበርዳለች፤ ዳይኦክሲን የሚወደው ሙቀት ውስጥ ሁለት ጊዜ ታልፋለች። መርፌ ሜዳ ላይ ከመጣል ይሻላል፤ ይህ አያጠያይቅም። ግን ጭስ ማውጫዋ አጭር ነው፣ አጠገቧ የተኛ ሕመምተኛ አለ።

መድኃኒቱስ? በ2012 እና በ2013 ዓ.ም አንበጣ እንደገና መጣ፤ ወሎም ተወረረች። ከአየርም ከምድርም ርጭት ተካሄደ። ርጭቱ ተገቢ ነበር፤ እህሉ መዳን ነበረበት። ነገር ግን ከ60 ዓመት በፊት እንደነበረው ሁሉ ከርጭት የሚተርፍ በርሜል አለ። ያ በርሜል ዛሬ ዕድሜው ያለፈ ነው።

✦ ምን ይጠየቅ?

«ጭስ መውጫ አያጣም» ይላል የአገሬው ሰው። እውነት ነው፤ ወሬም በደልም ቢታፈን በአንድ በኩል ይወጣል። ዳይኦክሲን ግን ይህን ተረት አያከብርም። ይወጣል፣ ማንም ሳያየው። ስለዚህ ጠያቂ ያስፈልገዋል።

ጥያቄዎቹ ከባድ አይደሉም፤ የከተማ ምክር ቤት አባልም፣ የቀበሌ ሽማግሌም፣ የመካነ ሰላም ተማሪም ሊጠይቃቸው ይችላል። ወደዚህ ቦይለር የሚገባው ምንድን ነው? ደረሰኙ ላይ ያለው ስም ሳይሆን በርሜሉ ውስጥ ያለው። ጋዙ ከመቀዝቀዙ በፊት በምን ያህል ሙቀት ስንት ሰከንድ ይቆያል? ጭሱ ለመጨረሻ ጊዜ የተለካው መቼ ነው፣ ውጤቱስ የት ተለጠፈ? አመዱ የት ይደፋል? ለነዚህ መልስ የሌለው ምድጃ ቆሻሻ ማቃጠል የለበትም፤ ጥቁር ናፍጣውን ያንድድ።

የክልሉ አካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ከኮምቦልቻ ጀምሮ የቦይለሮችን መዝገብ ይዞ የሚገባባቸውን ነዳጅ ቢያጣራ፣ ጋራዦች የተቃጠለ ዘይት የሚሸጡለትን ሰው በደብተር ቢይዙ፣ የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶች ከአንበጣው የተረፈውን ቆጥረው ጊዜ ያለፈበትን ለብቻ ቢያስቀምጡ፣ ለዚህ ዶላር አይጠየቅም። ወረቀትና ድፍረት ይበቃል። ድፍረቱ የሚያስፈልገው ለአንዲት ሥራ ነው፤ በርሜሉ ላይ «መድኃኒት» የሚለውን ሰርዞ «አደገኛ ቆሻሻ» ብሎ ለመጻፍና ከሥሩ ለመፈረም። ይህን የጻፈ የመጋዘን ኃላፊ ሊመሰገን እንጂ ሊጠየቅ አይገባም። እስካሁን ያለው አሠራር ተቃራኒውን አስተምሮታል፤ ሦስት ሺህ ቶንም የተከመረው በዚያ ነው።